ውሃ የፈራው ታንኳ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ። እንቅልፍ የያዘው ደግሞ ከወዲሁ ይተኛ፤ መሐል ላይ ቢያንኮራፋ ነፋስ ተነሣ ብዬ እደነግጣለሁ።

ድሮ ነው። ድንጋይም፣ ዕቃም፣ እንስሳም አፍ በነበራቸው ጊዜ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ይደማመጥ ነበር፤ ሰው ብቻ አይሰማቸውም። ሰው ድሮም የራሱን ወሬ እንጂ የሌላውን አይሰማም። እና በዚያ ጊዜ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አያ ባይነሳኝ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ይኖር ነበር። ታንኳውን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይቀዝፋል፣ ያጠመደውን ራሱ ይበላል። የተረፈውን ሚስቱ ለጎረቤት ታድላለች።

በዚያ አገር ታንኳ በእንጨት አይሠራም፣ በደንገል ነው። ደንገል እግሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚበቅል፣ ራሱ ላይ ጎፈሬ ያበጠረ ረጅም ተክል ነው። አያ ባይነሳኝ ያጭደዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ሲደርቅ እቅፍ እቅፍ አድርጎ በልጥ ይጠፍረዋል። ሲያስር ጉልበቱን ይጭናል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ልጡ ሲጢጥ ይላል። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርግለታል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሰውና ዕቃ ከውሃ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ የደንገል መደብ ያነጥፍለታል። ያኔ ታንኳ ሆነ ይባላል።

የኛ ታንኳ የተሠራው ጥቅምት ላይ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ሐይቁ ገና ሳይነቃ አያ ባይነሳኝ ገፋ አድርጎ ውሃ ላይ አስቀመጠው፣ በቀርከሃ መቅዘፊያውም ቸብ ቸብ አደረገ። ታንኳው ተንሸራተተ። ከአፍንጫው ሥር ውሃው ሲንሾካሾክ ይሰማዋል፣ ወፎች ከፊቱ እየተነሡ መንገድ ይለቁለታል፣ ሆዱ ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ታንኳው በደስታ አፍንጫው ሊበጠስ ደረሰ።

መቅዘፊያው ብዙ ታንኳ የቀየረ ሽማግሌ ነው፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ማጉረምረም። ያን ጠዋት ታንኳው ሐይቁ ወዴት እንደሚያልቅ፣ ነገ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ከነገ ወዲያስ ምን እንደሚሆን አከታትሎ ቢጠይቀው እንዲህ አለው።

«ሥራህ ሦስት ነው። ጠዋት መሄድ፣ ነፋስ ሳይነሣ መመለስ፣ ቆሞ መድረቅ። ሌላውን አትጠይቀኝ።»

እውነቱን ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። በጠዋት የወጣ ታንኳ ሲመለስ ከብዶ ነው። አያ ባይነሳኝም ጎትቶ ያወጣውና ሾላው ሥር አስደግፎ ያቆመዋል። ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወርዳል። በማግስቱ ታንኳው ቀሎ፣ ደርቆ፣ ለሌላ መንገድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንዲህ እያለ ዓሣ አመላለሰ፣ እንጨት አመላለሰ፣ የጎረቤት ሙሽራ እንኳ አሻግሮ አደረሰ። ጠዋት ይሄዳል፣ ነፋስ ሳይነሣ ይመለሳል፣ ቆሞ ይደርቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሾላው ሥር ቆሞ ሲደርቅ እመት አይጥ መጣች። እመት አይጥ ሆዷ ገፍቷል፣ የምትወልድበት ቤት ትፈልጋለች። ታንኳውን ዞረችው፣ አሸተተችው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን መደብ በጢሟ ለካችው። ቤቱን ወደደችው። ነገር ግን በየጠዋቱ ሐይቅ ላይ የሚሄድ ቤት ለአራስ አይሆንም። ስለዚህ መላ መታች።

«ልጄ፣ እዚያ ዳር ላይ ያለውን ቡናማ ክምር ታየዋለህ?» አለችው።

«አየዋለሁ፣ እመት አይጥ። ጭቃ ነው።»

«ጭቃ አይደለም። ወንድምህ ነው። የአምናው ታንኳ።»

ታንኳው ደግሞ አየ። ከክምሩ ጫፍ ላይ ቀና ያለች ትንሽ ነገር ነበረች። አፍንጫ ነበረች። ልክ እንደሱ አፍንጫ።

እመት አይጥ አላቆመችም። በሄድክ ቁጥር ውሃ ይገባሃል አለችው። ፀሐይ ያወጣልሃል፣ ነገር ግን ሁሉን አያወጣም፣ ጥቂት ትቀራለች። የዛሬዋ ጥቂት ከነገዋ ጥቂት ጋር ትገናኛለች፣ ተገናኝተውም ያበሰብሱሃል። መቅዘፊያው ይህን ሁሉ እያወቀ ያልነገረህ ራሱ የሚሸከመው ጀርባ ስለሚፈልግ ነው አለችው።

ታንኳው ቀኑን ሙሉ የሠራው ሥራ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከበደው። ከዚያ በፊት ሞትን አስቦት አያውቅም ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

«ውሃ አትንካ። ጌታህ ሲሳፈርብህ ተገልበጥ። አንድ ጊዜ ጣለው፣ ሁለት ጊዜ ጣለው፣ ሦስት ጊዜ ጣለው። ከዚያ በኋላ ራሱ ይተውሃል።»

በማግስቱ አያ ባይነሳኝ እግሩን ሲያስገባ ታንኳው ወደ ግራ ተገለበጠ። አያ ባይነሳኝ ውሃ ውስጥ ቧ አለ። ብድግ ብሎ ጢሙን ጨመቀና ሳቀ። እግሬ ነው፣ ዛሬ እንቅልፌን አልጨረስኩም አለ።

በሌላው ቀን ታንኳው ወደ ቀኝ ተገለበጠ። አያ ባይነሳኝ ውሃ ውስጥ ቧ አለ። ነፋስ ነው አለ። የሾላው ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም ነበር፤ ግን ሰው ሲጨንቀው በሌለ ነፋስም ያሳብባል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ሁሉ ዳር ላይ ቆመው ሳለ ታንኳው በአፍንጫው ተደፋ። አያ ባይነሳኝ ቧ አለ። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እሱ ግን በዚህኛው አልሳቀም። ከውሃው ወጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ሠሪው ነው» አለ። «እጄ አርጅቷል። እስሬ ልክ አልመጣም።»

ታንኳው ይህን ሰማ። እስሩ እንደ ብረት የጠና መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አፍሮ አፍንጫውን ወደ መሬት ባደረገ ነበር፤ ግን አፍንጫው ወደ ላይ ታስሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ባይነሳኝ ጎረቤቱ የማይወጣ ቀን የጎረቤቱን ታንኳ እየተዋሰ፣ ጎረቤቱ የሚወጣ ቀን ዳር ላይ መረብ እየጠገነ ይውል ጀመር። የኛ ታንኳ ሾላው ሥር ቀረ።

እመት አይጥ ዕቃዋን ሳትሸክም ገባች፣ ምክንያቱም ዕቃ የላትም። መደቡ ውስጥ ወለደች። ልጆቿ ጥርስ ሲያወጡ ያመማቸዋል፤ ያመማቸው ልጆች ደግሞ ያገኙትን ይቆረጥማሉ። ቅርጥም፣ ቅርጥም፣ ቅርጥም። ቀን ቀን ፀሐይ ታንኳውን ይሰነጥቀዋል፣ ከውስጥ አይጦቹ ይበሉታል። አንድ ጠዋት ንፋስ ሽው ሲል በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላ ጎኑ ሲወጣ ተሰማው።

«እመት አይጥ» አለ ተጨንቆ፣ «ውሃ ካልነካሁ አልጠፋም ብለውኝ አልነበረም?»

«በውሃ አትጠፋም አልኩህ እንጂ፣ አትጠፋም መች አልኩህ?»

ታንኳው ያኔ በደንብ አለማዳመጡ ገባው። እናንተም ብትሆኑ ያመልጣችሁ ነበር።

እንግዲህ ያልጠፋ ካለ ልጠይቅ ብሎ አሰበ። መጀመሪያ ዳር ላይ ያለውን ጥቁር አለት ጠየቀው። አለቱ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ነው።

«አያ አለት፣ እርስዎ እንዴት ሳይጠፉ ቀሩ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥኩ።»

«ከዚያ ሁሉ ዘመን የሚያስታውሱት ምን አለ?»

አለቱ ረጅም ጊዜ አሰበ። «አንድ ጊዜ ወፍ ተቀምጦብኛል» አለ። እውነትም ወፉ የተቀመጠበት ጎኑ ላይ እስከ ዛሬ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል።

ወደ ማታ ጉማሬው ሣር ሊግጥ ሲወጣ ታንኳው እሱን ጠየቀ። አያ ጉማሬ አፉን ሞልቶ እያመነዠከ፣ ስለ መጥፋት ማሰብ ሆድ ያስርባል፣ ዝም ብሎ መብላት ነው አለው። ታንኳው እኔ አልበላም ሲለው ጉማሬው ማመንዠኩን አቆመና ቀረብ ብሎ አሸተተው። የማይበላማ የሚበላ ነው፣ አንተ ደግሞ ደንገል ደንገል ትሸታለህ አለው። ታንኳው ጉማሬው እስኪሄድ ድረስ ትንፋሹን አላሰማም።

ሦስተኛው መጅ ነበር። መጅ ማለት ሴቶች ወፍጮ ላይ እህል የሚያደቁበት በሁለት እጅ የሚያዝ ድንጋይ ነው። ይህኛው በአያ ባይነሳኝ ቤት ዘመኑን ሙሉ ሲፈጭ ኖሮ ሲሳሳ ከቤት ወጣ፣ አሁን መረብ ሲሰጣ ንፋስ እንዳይወስደው ጫፉን ይጫናል። ታንኳው እሱንም፣ «አባ መጅ፣ እርስዎ ድንጋይ ነዎት። ድንጋይ አይጠፋም አይደል?» አለው።

«እኔ ወደዚህ ቤት ስመጣ እንደ ድፎ ዳቦ ነበርኩ» አለ መጁ። «አሁን ቂጣ አክያለሁ።»

«የት ሄዱ ታዲያ?»

«ዱቄት ውስጥ። የአያ ባይነሳኝን ልጅ እንጉዳይን አየሃት? ግማሿ ጤፍ ነው፣ ግማሿ እኔ ነኝ።»

ታንኳው ሊስቅ ፈለገ፤ ግን መጁ የቀለደ አይመስልም። «አያሳዝንዎትም?» አለው።

«ያሳዝነኛል እንጂ። ጠዋት ጠዋት የእጅ ሙቀት ይናፍቀኛል። ግን ስማኝ ልጄ፣ እንዳልሳሳ ብዬ ቤት ጥግ ተቀምጬ ብቀር ኖሮ ዛሬ ወፍራም ድንጋይ ነበርኩ። ወፍራም ድንጋይ ደግሞ እዚህ ዳር ሞልቷል።»

ታንኳው ያን ሌሊት አልተኛም። አይጦቹም አላስተኙት።

ይህች መጁ እንጉዳይ ያላት የአያ ባይነሳኝ ልጅ በዚያ ሰሞን ከባሏ አገር መጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፣ እንደ አገሩ ልማድ። ከሰዓት ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሾላው ጥላ ትመጣና ጀርባዋን ታንኳው ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች፣ ሆዷን እያሻሸች ላልተወለደው ልጅ ታወራለታለች። አንድ ቀን ዞር ብላ ሆዷን ታንኳው ላይ ስታስጠጋ ውስጥ ያለው ልጅ ተራገጠ። እርግጫው ደረቁ ደንገል ላይ ዱብ አለ። ታንኳው ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው የነካው ያን ቀን ነው። እና የመጀመሪያው ጠዋት ደስታ፣ ያ ከአፍንጫው ሥር የነበረው የውሃ ሹክሹክታ፣ ትዝ አለው።

ቀኑ ደረሰ። የገበያ ቀን ነበር፣ ግንቦት ላይ። የጎረቤት ወንዱ ሁሉ በማለዳ ታንኳ ታንኳውን ይዞ ወደ ማዶ ገበያ ሄዷል። እንጉዳይን ምጥ የጀመራት ሲነጋጋ ነው። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ማርያም ማርያም አሉ። ፀሐይ ወጣ፣ ማርያም ማርያም አሉ። ፀሐይ ከፍ አለ፣ ማርያም ማርያም እያሉ ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ የእንጉዳይ እናት ከቤት ወጥታ ልጁ አመጣጡ ደህና እንዳልሆነ፣ ሐይቁ መሐል ካለችው ደሴት አዋላጅቱ እማ ስንዱ ካልመጡ ሁለቱንም እንደሚያጡ ለባሏ ነገረችው።

አያ ባይነሳኝ ወደ ዳር ሮጠ። ዳር ላይ አንድም ታንኳ የለም። ከአንዱ በቀር።

ቀረበና እጁን ታንኳው ላይ አደረገ።

«ስማኝ» አለ። «ሦስት ጊዜ ጥለኸኛል። ዛሬ እኔን ብትጥለኝ ግድ የለኝም፣ መዋኘት እችላለሁ። ልጄን ግን አትጣልብኝ።»

ከዚያ መቅዘፊያውን ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሮጠ። ታንኳው እሱ እስኪመለስ ማሰቢያ ጊዜ አገኘ። ፈርቶ ነበር፤ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ በጣም ፈርቶ ነበር። ስንጥቁን ያውቃል፣ ቀዳዳውን ያውቃል፣ ደሴቲቱ ምን ያህል እንደምትርቅም ያውቃል። እመት አይጥ ከመደቡ ውስጥ ራሷን አወጣች።

«ብትሄድ አትመለስም» አለችው።

«ብቀርስ እቀራለሁ?» አላት።

ከቤቱ የሚመጣው የእንጉዳይ ድምፅ እስከ ዳር ይሰማ ነበር። እመት አይጥ ተንኮለኛ ናት፣ እሱን አልክድም። ግን ደግሞ ወልዳ ታውቃለች። ልጆቿን አንድ በአንድ በአንገታቸው እያነሣች ወደ ሾላው ሥር አወጣቻቸው። የመጨረሻውን ካወጣች በኋላ ተመልሳ መጣች።

«የበላንህ በግራ በኩል ከታች ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ቀኝህን ዝቅ አድርገህ ሂድ።»

አያ ባይነሳኝ መቅዘፊያውን ይዞ ደረሰ፣ ታንኳውን ገፋ፣ እንደለመደው ልወድቅ ነው ብሎ ትንፋሹን ይዞ ተሳፈረ። ታንኳው አልተገለበጠም። ቀኝ ጎኑን ዝቅ አድርጎ ቀጥ አለ። አያ ባይነሳኝ አንድ ጊዜ ቀዘፈ፣ ሁለት ጊዜ ቀዘፈ፣ ሦስተኛውን ሲቀዝፍ መዳፎቹን ጎንበስ ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ጊዜ አልነበረውም። መቅዘፊያው በበኩሉ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነፋስ ሳይነሣ።

ሲሄዱ ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር። ውሃው በስንጥቁ በኩል ቀስ በቀስ ይገባል። የቆየ ጥማት ነበረበትና ደንገሉ ይጠጣል። ታንኳው ግን ስንት እንደጠጣ አላሰበም። አንድ ቀዘፋ፣ ደግሞ አንድ ቀዘፋ እያለ ሄደ። ከፊቱ ወፎች ተነሥተው መንገድ ለቀቁለት፤ እየፈራም ቢሆን ይህን ማየቱ ደስ አለው።

እማ ስንዱ ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው። አያ ባይነሳኝ ደሴቲቱ ደርሶ ሲጣራ ነጠላቸውን ጠቅልለው ዳር ላይ ደረሱና ታንኳውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ይሄ ታንኳ ነው ወይስ የአይጥ ቤት?»

«ሁለቱም ነው፣ እማ። ይግቡ» አለ አያ ባይነሳኝ።

ገቡ። ታንኳው ዝቅ አለ፣ ግን ቻለ። መንገዱን እኩል እንዳደረሱት ነፋሱ ተነሣ። ሐይቁ ጀርባውን አጠቆረ፣ ሞገዶቹም መጡ።

የመጀመሪያው ሞገድ መጣና ወዴት ነው አለ። ታንኳው ወደ ዳር አለ። ሞገዱ በጥፊ መታውና አለፈ።

ሁለተኛው ሞገድ መጣና ወዴት ነው፣ አንተ የአይጥ ሌማት አለ። ታንኳው ወደ ዳር አለ። ሞገዱ በላዩ ላይ ዘለለና እማ ስንዱን እስከ ደረታቸው አርሶ አለፈ።

ሦስተኛው ሞገድ ትልቁ ነበር። ወዴት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። በግራ በኩል ከታች ገባ፣ አይጦቹ በበሉት በኩል፣ ቀዳዳውም ቦርቀቅ ብሎ ተከፈተ። ውሃው መደቡ ላይ ወጣ። እማ ስንዱ አልጮኹም። ወገባቸውን ሸብ ያደረጉበትን ረጅም መቀነት ፈቱ፣ አጣጥፈው ቀዳዳው ውስጥ ወተፉ፣ በተረከዛቸውም ረገጡት።

«በል ቅዘፍ» አሉ። «እኔ ይዤዋለሁ።»

አያ ባይነሳኝ ቀዘፈ። ታንኳው ከብዷል። ከእንግዲህ ምንም ያህል ፀሐይ ቢሞቅ የማይደርቅ መሆኑን ያን ጊዜ አውቆታል፤ ውሃው ልቡ ውስጥ ገብቷል። ልጡን ብቻ ለመነው። ትንሽ ያዝልኝ አለው፣ ትንሽ ብቻ። ልጡ ሲጢጥ አለ፣ እንደ ታሰረበት ቀን። ያዘ። አያ ባይነሳኝ በደህና እጁ ነበር ያሰረው።

አሸዋው ሲነካው ታንኳው ቁጭ አለ። ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ቁጭ አለና ዳግመኛ አልተነሣም። እማ ስንዱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወርደው ወደ ቤቱ ገሰገሱ። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ደግሞስ ለምን ያያሉ፣ የመጡት ለታንኳ አይደለም።

ታንኳው ውሃው ውስጥ ተኝቶ ጠበቀ። ንፋሱ ይነፍሳል፣ ቤቱ ዝም ብሏል። አለቱ ቁጭ ብሏል። መጁ መረቡን እንደተጫነ ነው። እመት አይጥም ሾላው ሥር ጆሮዋን አቁማለች። ከዚያ የልጅ ልቅሶ ተሰማ፣ ከልቅሶው ቀጥሎ እልልታ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ሐይቁ ማዶ ያለው ገበያተኛ ሳይሰማ አልቀረም። ታንኳው እንባ የለውም፤ ግን ያን ሰዓት ከደንገሉ የሚንጠባጠበው ሁሉ ውሃ ብቻ ነው የሚለኝ ካለ አላምነውም።

ወደ ማምሻው አያ ባይነሳኝ ተመልሶ መጣ። ለሁለት ሰው የሚከብደውን ታንኳ ብቻውን እየጎተተ፣ እያረፈ፣ ደግሞ እየጎተተ አወጣውና ሾላው ሥር አስደግፎ አቆመው። እንደማይደርቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም አቆመው። ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እስሬ ደህና ነበር ለካ» አለ አያ ባይነሳኝ። ቀጥሎም፣ «እናትየዋም ደህና ናት። ወንድ ነው። አሻግሬ እንለዋለን» አለው።

በሳምንቱ ልጡ ተፈታ። የላይ የላዩ ደንገል ሲደርቅ ለአራሷ ገንፎ ማብሰያ እሳት ሆነ፤ ጎረቤት ሴቶች በቅቤው መሐል ጣታቸውን እየነከሩ በሉና መረቁ። መደቡ ቀረ። እመት አይጥ ልጆቿን አስከትላ ፈራ ተባ እያለች መጣች።

«ይውሰዱት» አላት ታንኳው። «ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር የሰጠሁዎት። አሁን ሥራዬን ጨርሼ ነው።»

የቀረውን፣ የታችኛውን ከነአፍንጫው፣ አያ ባይነሳኝ ከወንድሙ ከአምናው ታንኳ ጎን ጭቃው ላይ አጋደመው። ታንኳው ፈራ ወይ ብትሉኝ፣ ትንሽ ፈርቷል። ግን ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር፣ እግሩን ነክሮ ያደገበት ጭቃ ነው። ክረምቱ መጣና ዘነበ። ጭቃው ሥር ያለው የደንገል ሥር ከሁለቱ ወንድማማች ክምር ጠጥቶ ከሌላው ቦታ ይልቅ ወፍራም ሆኖ በቀለ።

አያ ባይነሳኝ በመስከረም መጨረሻ ከዚያው አጨደ። አሰጣ፣ አደረቀ፣ ጥርሱን ነክሶ አሰረ። አሁን እጁን አይጠራጠርም። ጥቅምት ላይ እንጉዳይ ልጇን ታቅፋ ወላጆቿን ጠይቃ ወደ ባሏ አገር ስትመለስ ለአዲሱ ታንኳ የመጀመሪያ ጉዞው ሆነ። ሐይቁ ገና አልነቃም። ትንሹ አሻግሬ ከእናቱ እቅፍ ተንጠራርቶ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረና ሳቀ።

አዲሱ ታንኳ በደስታ አፍንጫው ሊበጠስ ደርሶ መቅዘፊያውን በጥያቄ ያጣድፈው ጀመር። ወዴት ነው የምንሄደው፣ ነገስ ወዴት ነው፣ ከነገ ወዲያስ?

«ሥራህ ሦስት ነው» አለ መቅዘፊያው። «ጠዋት መሄድ፣ ነፋስ ሳይነሣ መመለስ፣ ቆሞ መድረቅ።»

«እሺ። እዚያ ዳር ላይ ያለው ቡናማ ክምር ግን ምንድን ነው?»

መቅዘፊያው ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላውን አትጠይቀኝ ይል ነበር። ያን ጠዋት ግን አላጉረመረመም።

«ወንድምህ ነው» አለው። «ይሄ የሚስቀው ልጅ ደግሞ የሱ የመጨረሻ ጭነት ነበር።»

በዚያ አገር እስከ ዛሬ፣ ውሃ የፈራ ታንኳ የአይጥ ጎጆ ይሆናል ይላሉ። የሄደውም ይበሰብሳል፣ የቀረውም ይበሰብሳል፤ ማዶ የሚያደርስ ግን የሄደው ነው።

እኔም ነፋስ ሳይነሣ ዳር ደርሻለሁ። ተረቴን አራግፉና እኔን ሾላው ሥር አስደግፉኝ።